የአእምሮ ባለሙያ ማነው? ህጉ በስም ይጥራልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። የምፅፍላችሁ ከሀዋሳ ነው። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከፒያሳ እያስመጣሁ አነባለሁ፣ እኔ ስጨርስ ደሞ ደንበኞቼ ወረፋ ሲጠብቁ እየተቀባበሉ ያነቡታል። ስራዬ ፅህፈት ቤት ነው፣ ኮምፒውተር ፅሁፍ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን። ይሄን መጀመሪያ የነገርኳችሁ ወደ ኋላ ላይ ስለ ሰርተፍኬት ስለማወራ ነው፣ በቀን ስንት ሰርተፍኬት በእጄ እንደሚያልፍ እኔ ነኝ የማውቀው። የመጣሁበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው፣ ሰው አእምሮው ሲታመም ቤተሰቡ ይዞት የሚሄደው ወደ ማን ነው፣ ያ ሰው ባለሙያ ነው ብሎ የሚነግረንስ ማነው የሚል ነው።

ታናሽ ወንድሜ 22 አመቱ ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ 3ኛ አመት ላይ እያለ ባለፈው አመት ጥቅምት ላይ ዊዝድሮው (ትምህርት ማቋረጫ) ሞልቶ ቤት መጣ። መጀመሪያ ድካም ነው አልን። ከዛ እንቅልፍ ጠፋ፣ ሌሊት ሳሎን ውስጥ ሲመላለስ የእግሩን ኮቴ እሰማለሁ፣ የስልኩን ካሜራ በፕላስተር ሸፈነው፣ ከዛ ደሞ ምግብ ተወ፣ የሚበላው የተቀቀለ እንቁላል ብቻ ሆነ። ለምን ስለው "ቅርፊቱ ካልተሰነጠቀ ማንም አልነካውም ማለት ነው" አለኝ። እንቁላሉን ራሱ ነው የሚቀቅለው ራሱ ነው የሚልጠው፣ ከመላጡ በፊት መስኮት ጋ ወስዶ በብርሃን እያዟዟረ ያየዋል፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለው ይጥለዋል። እማዬ ጎን ቆማ ታያለች፣ ልጇ የሷን እጅ ነው የፈራው፣ ይሄ ለእናት ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት። እማዬ ገብርኤል ፀበል ወሰደችው፣ አክስቴ ደሞ ፕሮቴስታንት ናት እሷ ጋ ያሉ ሰዎች ቤት ድረስ መጥተው ፀለዩለት። ሁለቱንም አልቃወምም፣ ሁለቱም ጋ አንድ ብር አልተጠየቅንም፣ ሁለቱም ጋ ሐኪም ነኝ ያለን ሰው የለም። ይሄን ነጥብ ያዙልኝ እመለስበታለሁ።

ከዛ ቴሌግራም ላይ አንዷ ጓደኛዬ ሊንክ ላከችልኝ። የካውንስሊንግ (የምክር አገልግሎት) ማእከል ነው፣ ስሙን አልፅፍም፣ እኔ አንድ ሰው ለማሳጣት አይደለም የምፅፈው። ሰውየው ከስሙ ፊት ዶ/ር የሚል አለው፣ ከስሙ ስር ሳይኮቴራፒስት (በንግግር የአእምሮ ህክምና የሚሰጥ) እና የህይወት አሰልጣኝ ይላል። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፣ ጥሩ ሶፋ፣ ጥሩ ሽታ፣ ፀጥ ያለ፣ ግድግዳው ላይ 7 ሰርተፍኬት ተደርድሯል። አንድ ጊዜ 800 ብር ነው፣ 9 ጊዜ ሄድን። ሰውየው ሲያወራ ደስ ይላል፣ እውነቱን ልናገር እኔም ልቤ አርፎ ነበር፣ የወንድሜ ችግር ከልጅነት የተቀበረ ቁጣ ነው አለን፣ አባታችን ስለሞተ ነው አለን፣ ሆስፒታል እንውሰደው ወይ ስለው "መድሀኒት ካስጀመራችሁት ያደነዝዘዋል፣ እድሜ ልኩን የክኒን እስረኛ ይሆናል" አለኝ። አመንኩት። ዶክተር ነው ብዬ ነው ያመንኩት። 7,200 ብሩን አይደለም የማዝንበት፣ 2 ወር ነው። ወንድሜ በዛ 2 ወር ውስጥ ከእንቁላሉም ቀንሶ ነበር።

ታህሳስ መጨረሻ ላይ አንድ ሌሊት ከቤት ወጣ። ስንፈልገው አደርን፣ ሀይቅ ዳር ድረስ ሄደን ባትሪ እያበራን፣ እማዬ የሀይቁን ውሀ እያየች የምትለውን አልፅፈውም። ሊነጋጋ ሲል አንድ ሰፈራችን ያለ የባጃጅ ሹፌር ጥቁር ውሃ ድልድዩ ጋ በባዶ እግሩ ወደ ሻሸመኔ መንገድ ሲሄድ አግኝቶት ይዞት መጣ። ያን ቀን ጠዋት መንግስት ሆስፒታል ወሰድነው፣ የሳይካትሪ (የአእምሮ ህክምና) ክፍል።

እዛ ያየችው አንዲት ሲስተር ናት። መጀመሪያ ያደረገችውን ልንገራችሁ፣ ወንበሩን አዙራ በሩ እንዲታየው አድርጋ አስቀመጠችው። ከዛ ቀስ ብላ "ወንድሜ በዚህ ሳምንት ስንት ሰአት ተኝተሃል?" አለችው። የምትሰማው ድምፅ አንድ ነው ወይስ ብዙ፣ ይሰድብሃል ወይስ ያዝሃል፣ ራስህን ጉዳ ይልሃል ወይ፣ ጫት ትቅማለህ ወይ፣ ጭንቅላትህን ተመትተህ ታውቃለህ ወይ፣ ከቤተሰብ እንደዚህ የታመመ አለ ወይ እያለች ጠየቀችው። ወንድሜ "ውጣ ይለኛል፣ ካልወጣህ ቤቱን አቃጥላለሁ ይለኛል" አለ። እኔ ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነው፣ 9 ጊዜ 800 ብር ከፍለን ይሄን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ደም እንዲታይ አዘዘች፣ የበላዩዋን ሐኪም ጠርታ አብረው አዩት፣ ከዛ ለኛ ህመሙ ስም ያለው ህመም እንደሆነና እንደሚታከም፣ ጊዜ ግን ሊወስድ እንደሚችል ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። መጨረሻ ላይ ከዚህ በፊት የት ታየ አለችኝ። ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "ፈቃድ አለው?" አለች። መልስ አልነበረኝም። እንደዛ ተብሎ እንደሚጠየቅም አላውቅም ነበር።

አሁን ልብ በሉ፣ ያን ቀን አክስቴ ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዛ ምን አለችኝ፣ "እንዴ እሷ እኮ ነርስ ናት፣ ዶክተሩን አስጠሩልን እንጂ"። ወደዛኛው ሰውዬ ስንመላለስ ግን አክስቴ አንድም ቀን አልጠየቀችም፣ ዶ/ር ይላላ! በህግ የተመዘገበችውና የተማረችው ሲስተር ለቤተሰባችን አነሰች፣ የማይታወቀው ሰው በዛ። ሀገራችን ውስጥ ደሞ የአእምሮ ህሙማንን ለብዙ አመት ተሸክመው ያቆዩት እነዚህ የሳይካትሪ ነርሶች ናቸው። ስልጠናቸው የተጀመረው በደርግ ጊዜ አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ሳይካትሪስት ማለትም የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም ደሞ ሀገር ውስጥ ማሰልጠን የተጀመረው ገና በ1995 ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ ከዛ በፊት ሳይካትሪስት መሆን የፈለገ ሐኪም ውጭ ሀገር መሄድ ነበረበት። ከዛ በኋላ ጅማና ጎንደር ላይ በአእምሮ ጤና ማስተርስ የሚማሩ ልጆች መጡ። ሳይካትሪስት አለ፣ ሳይካትሪ ነርስ አለ፣ የአእምሮ ጤና ስፔሻሊስት የሚባል ማስተርስ ያለው አለ፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት አለ፣ ሳይኮሎጂ በዲግሪ ብቻ የተማረ አለ፣ ሶሻል ወርከር አለ፣ ካውንስለር አለ፣ ከዛ ቀጥሎ የህይወት አሰልጣኝ ምናምን ይመጣል። እኛ ሁሉንም "ሳይኮ" ብለን ነው የምንጠራው። ማን ምን ማድረግ ይችላል የሚለውን አናውቅም፣ ማንም ነግሮን አያውቅም።

ወንድሜ መድሀኒቱን ጀምሮ ትንሽ ሲረጋጋ ወደ ሰውየው ተመለስኩ። ለፀብ አይደለም፣ ሲስተሯ የጠየቀችኝን ልጠይቀው ነው። በዚያው ሰርተፍኬቶቹን ቆሜ አነበብኳቸው፣ ያን ጊዜ በጭንቀት ነበርኩ አላነበብኳቸውም፣ አሁን ግን በስራዬ አይን አየኋቸው። አንዱ የ3 ቀን ስልጠና ተሳትፏል ይላል፣ ሁለቱ ኦንላይን የተወሰዱ ናቸው፣ አንዱ የአመራር ስልጠና ነው፣ አንዱ ለጉባኤ ተሳትፎ የተሰጠ ምስጋና ነው፣ አንዱ በማናጅመንት የተሰጠ ዲግሪ ነው፣ ሰባተኛው ራሱ ማእከሉ ለራሱ የሰጠው ነው። ሁሉም በወርቃማ ፍሬም። የሙያ ፈቃድ አላየሁም። ፈቃድህን አሳየኝ ስለው የንግድ ፈቃድ አሳየኝ፣ የማማከር አገልግሎት ይላል። "እኔ ህክምና አልሰጥም እህቴ፣ እኔ የማወራው ነው፣ ሰው ማውራት ደሞ ፈቃድ አያስፈልገውም" አለኝ። በሩ ላይ ግን ሳይኮቴራፒስት ይላል፣ ቴራፒ ማለት እኮ ህክምና ማለት ነው።

ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። የመጀመሪያው ቢሮ እኛ የምንቆጣጠረው ክሊኒክና ሆስፒታል ነው፣ እሱ መርፌ አይወጋ መድሀኒት አይሸጥ እኛን አይመለከትም አለኝ። ሁለተኛው ቢሮ ንግድ ፈቃዱን አሳድሷል ግብሩን ከፍሏል ምን እናርገው አለኝ። ሶስተኛው ቢሮ ያለችው ልጅ በጣም ጥሩ ልጅ ናት፣ ከልቧ ልትረዳኝ ፈልጋ አንድ ወፍራም ማህደር አወጣችና ገፁን ስታገላብጥ ቆይታ "የምትይው ሙያ በየትኛው ስም እንደሚገባ አላገኘሁትም" አለችኝ። እኔ የሰራተኞቹ ጥፋት ነው አላልኩም። ማህደሩ ውስጥ ስሙ ከሌለ ምን ታድርግ።

እንግዲህ እኔ የህግ ሰው አይደለሁም፣ ግን ሱቄ ለህግ ተማሪዎችም ለጠበቆችም ነጋሪት ጋዜጣ ፕሪንት ስለማደርግ አዋጆቹ እጄ ላይ አሉ። ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የ1952ቱን የፍትሐብሔር ህግ አየሁ፣ እሱ የታመመውን ሰው በደምብ ያውቀዋል። አንቀፅ 341 ላይ አእምሮው መታወኩ በግልፅ የታወቀ የሚባለው ሰው በዛ ምክንያት ሆስፒታል ወይም እንደዛ ያለ ቦታ የተቀመጠ ሲሆን ነው ይላል፣ ቀጥሎ 342 ላይ ደሞ ከ2,000 ሰው በታች በሚኖርበት የገጠር ቀበሌ ከሆነ ቤተሰቡ ወይም አብሮት የሚኖረው ሰው የሚጠብቀውና እንደልቡ እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርገው ከሆነ ይበቃል ይላል። የነዋሪውን ቁጥር ሳይቀር ወስኖ ማነው የታመመው የሚለውን ተርጉሟል። የሚያክመው ማነው የሚለውን ግን እዛ አላገኘሁም።

ከዛ የ1996ቱን የወንጀል ህግ አነበብኩ። አንቀፅ 51 ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ምልክት ካሳየ ፍርድ ቤት የባለሙያ ማስረጃ ያስቀርብ ይላል። ባለሙያ ነው የሚለው፣ የትኛው ባለሙያ? አንድ ሰው እስር ቤት ይሂድ ወይ ህክምና ይሂድ የሚለው እኮ በዚች ቃል ላይ ነው የተንጠለጠለው። አንቀፅ 535 ደሞ ብቃትም ፈቃድም ሳይኖረው በሽተኛን የሚያክም ይቀጣል ይላል። ይሄ ጥሩ ነው፣ ግን ሰውየው ምን ነበር ያለኝ፣ እኔ አላክምም አወራለሁ። በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 ደሞ የጤና ባለሙያን የተረጎመው በመመዝገቡ ነበር፣ በሚመለከተው አካል ተመዝግቦ የጤና አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ማለት ነበር። ይሄም ልክ ነው፣ ግን ክቡ የሚዞረው እዚህ ጋ ነው፣ የጤና አገልግሎት ነው ካልተባለ መመዝገብ የለበትም፣ ካልተመዘገበ ደሞ የሚቆጣጠረው የለም። እኔ የገባኝ እንደዚህ ነው፣ የሚያርመኝ የህግ ሰው ካለ በዚሁ ጋዜጣ ያርመኝ ደስ ይለኛል። ራሱን የቻለ የአእምሮ ጤና አዋጅ ቢኖረን ኖሮ ከመጀመሪያዎቹ ገፆቹ አንዱ ላይ "የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማለት" ብሎ የሚጀምር አንድ መስመር ይኖረው ነበር። እኔ የምፈልገው ያንን መስመር ነው።

ያ መስመር ሲፃፍ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ይሄን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። በኛ ሀገር ማን ነው የማያማክረው? ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይመክራል፣ የንስሐ አባት አለ፣ ፓስተር አለ፣ የሰፈር ትልቅ ሰው አለ፣ እድር አለ። እማዬ ወንድሜ የጠፋ ሌሊት ልታብድ ደርሳ የደወለችው ለነሱ ነው፣ ያልበሰለ ህግ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ግን ባላገኘቻቸው ነበር፣ ከጎረቤት አንዲት እናት መጥታ እስኪነጋ እጇን ይዛ ተቀምጣለች። ይሄን ወንጀል የሚያደርግ ህግ አይምጣብን። ስለዚ መስመሩ ማውራትን መከልከል የለበትም፣ መስመሩ ያለበት ሌላ ቦታ ነው። የንስሐ አባታችን ለእማዬ "የልጅሽ ህመም እንዲህ የሚባል ነው" አላሉም፣ መድሀኒት አታስጀምሪ አላሉም፣ እንደውም ፀበሉንም ክኒኑንም ይውሰድ ነው ያሉት። ሰውየው ግን ሶስቱንም አደረገ፣ ራሱን በሙያ ስም ጠራ፣ ለህመሙ ምክንያት ሰጠ፣ ከሀኪም አስቀረን። ህጉ መያዝ ያለበት እነዚህን ነው፣ በተለይ ስሙን። ስሙ ከተጠበቀ ሌላው ይቀላል፣ ምክንያቱም እኔ 9 ጊዜ የተመላለስኩት ስለ ንግግሩ ሳይሆን በሩ ላይ ስለተፃፈው ስም ነው።

ሌሎች ሀገሮች እንዴት እንዳደረጉት ትንሽ ላንሳ፣ አመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ በ2002 ባወጣችው የአእምሮ ጤና ህግ በስም ነው የዘረዘረችው፣ ሳይካትሪስት፣ የተመዘገበ ሐኪም፣ ወይም ደሞ ነርስ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (በሽተኛው ወደ እለት ስራው እንዲመለስ የሚረዳ)፣ ሳይኮሎጂስት፣ ሶሻል ወርከር፣ ግን የአእምሮ ጤና እንክብካቤ ለመስጠት የሰለጠነ መሆን አለበት ይላል። ለኛ የሚመቸው ይሄ ይመስለኛል፣ ነርሷን በግልፅ አስገብቷታል፣ አክስቴ ይሄን ብታነብ ኮሪደር ላይ ያንን አትለኝም ነበር። ኬንያ ጎረቤታችን በ2014 ለካውንስለሮችና ለሳይኮሎጂስቶች ብቻ የሆነ ህግ አውጥታ ቦርድ አቋቁማለች፣ ካውንስለር የሚለው ስም ያለ ጠባቂ እንዳይቀር ነው። ህንድ በ2017 ህጓ ሳይካትሪስቱን፣ በግዛቱ ባለስልጣን የተመዘገበውን ክሊኒካል ሳይኮሎጂስትና ነርስ ሶሻል ወርከር አስገብታ የባህል ህክምናንም ሳትረሳ ጨምራለች፣ አዩርቬዳም ይሁን ዩናኒ በዛ የአእምሮ ህክምና ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የተማረ ከሆነ ባለሙያ ነው ትላለች። በራቸውን ከፍተዋል ግን በሩ ላይ ትምህርት አስቀምጠዋል፣ ይሄ ደስ ብሎኛል።

እንግሊዝ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆማለች። እዛ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ወይም ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂስት ብሎ ራሱን ለመጥራት መመዝገብ ግዴታ ነው፣ ሳይኮሎጂስት የምትለው ቃል ብቻዋን ስትሆን ግን ክፍት ናት፣ ሳይኮቴራፒስትና ካውንስለርም በህግ የተጠበቁ ስሞች አይደሉም። አሁን አስቡት፣ የኔ ሰውዬ እዛ ቢሆንም በሩ ላይ ያለውን መፃፍ ይችል ነበር ማለት ነው። እኛ ስናወጣ እሷ የተወችውን ቀዳዳ አንተው። አሜሪካ ደሞ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ነው የሚያወጣው፣ ቨርጂኒያ ለካውንስለሮች ፈቃድ የጀመረችው በ1976 ነው፣ ካሊፎርኒያ የመጨረሻዋ ሆና ህጉን ያወጣችው በ2009፣ አንድ ሀገር ውስጥ 33 አመት ልዩነት! ይሄ ለኛ ለሀዋሳዎች ቅርብ ነገር ነው። ከዚህ ሻሸመኔ በባጃጅም በሚኒባስም 25 ኪሎሜትር ናት፣ ክልሉ ግን ሌላ ነው። የሙያ ፈቃድ የሚሰጡት በአብዛኛው ክልሎች ናቸው፣ ትርጉሙ ክልል በክልል ከተለያየ እዚህ የተከለከለው ሰው በግማሽ ሰአት እዛ ሄዶ ያንኑ ታፔላ ይሰቅላል፣ ስለዚ ትርጉሙ የፌደራል መሆን አለበት እላለሁ፣ ስልጠናውንና ቁጥጥሩን ክልሉ እንደ አቅሙ ያድርገው።

ሌላ የምፈራው ነገር አለ። ይሄን የሚያነብ አንድ ባለስልጣን ተነስቶ "በቃ ሳይካትሪስት ብቻ" ቢል ባሰ። ሆስፒታል ወረፋ ስንጠብቅ ከገጠር ልጇን ይዛ የመጣች አንዲት እናት ነበረች፣ አማርኛ አትችልም፣ ሲስተሯ ናት በሲዳምኛ ያወራቻት፣ ሴትየዋ በቋንቋዋ ስትጠየቅ ፊቷ ላይ የወጣውን እኔ እስካሁን አልረሳውም፣ ልጁ 2 አመት ቤት ታስሮ እንደነበር እዛው ነገረቻት፣ አልቅሳ ነው የነገረቻት። ለዛች እናት ወረዳዋ ድረስ የሚደርስላት ሳይካትሪስት ሳይሆን ጤና ጣቢያ ያለ የሰለጠነ ጤና መኮንን ወይ ነርስ ነው፣ የአለም ጤና ድርጅትም በፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ ስፔሻሊስት ያልሆኑ የጤና ሰራተኞችን ለዚህ የማሰልጠን ፕሮግራም አለው እኛም ሀገር ተሰርቶበታል። ስለዚ ህጉ ደረጃ ደረጃ ያድርገው፣ ይሄኛው ለይቶ ማወቅና ማስተላለፍ ይችላል፣ ይሄኛው መድሀኒት ማዘዝ ይችላል፣ ይሄኛው በንግግር ማከም ይችላል መድሀኒት ግን ማስቆም አይችልም ይበል። በተለይ ይቺን የመጨረሻዋን በትልቁ ይፃፋት።

አንድ ሌላ ነገር በአጭሩ። ግቢያችን ተከራይታ የምትኖር ጋርመንት ፋብሪካ የምትሰራ ልጅ አለች። ከአንድ ከባድ ነገር በኋላ እጇ እየተንቀጠቀጠ መስፋት አቃታት፣ አንዲት ካውንስለር ጋ ሄዳ 2 ሳምንት እረፍት ያስፈልጋታል የሚል ወረቀት አመጣች፣ ወረቀቷን እኔ ነኝ ኮፒ ያደረግኩላት። ፋብሪካው አልተቀበለም፣ ከታወቀ የህክምና ተቋም አይደለም ብሎ። በአዋጅ 1156/2011 የታመመ ሰራተኛ የመጀመሪያውን 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን 2 ወር በግማሽ፣ ከዛ 3 ወር ያለ ደመወዝ ፈቃድ አለው፣ ግን ሁሉም በዛች ወረቀት ነው የሚጀምረው። ያቺ ካውንስለር በትክክል የተማረች ልጅ ናት፣ ሳይኮሎጂ ማስተርስ አላት፣ የሷ ወረቀት ውድቅ ሆነ። የኛ ሰውዬ ደሞ ወረቀት የሚጠይቀው የለም። መስመር ስለሌለ የተማረውም ያልተማረውም እኩል አንድ ላይ ተደፍቋል፣ ስሙ ይጠበቅ ስል ለነሱም ጭምር ነው የምከራከረው።

እንግዲህ የምለምነው ይሄን ነው። ህግ የምታወጡ፣ የጤና ሚኒስቴር ሰዎች፣ የሳይካትሪም የሳይኮሎጂም ባለሙያዎችና ማህበሮቻችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ስሞቹን አንድ በአንድ ፃፏቸው፣ እያንዳንዱ ስም ስር ምን ያህል መማር እንዳለበት፣ በማን ቁጥጥር ስር ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሰራ፣ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል። ካውንስለር የሚለውን አትዝለሉት፣ ሰው በብዛት የሚሄደው እዛ ነው፣ ምክንያቱም ሳይካትሪ ክፍል መታየት አሁንም ያሳፍራል፣ ሰው "አማኑኤል ገባ" እንዳይባል ብሎ ፎቅ ቤት ሶፋ ላይ መቀመጥን ይመርጣል፣ እኛም ከፊሉ ምክንያታችን ይሄ ነበር። ዶ/ር የሚለውንም አስቡበት፣ በሌላ ትምህርት ዶክተር የሆነ ሰው በሽተኛ ፊት ሲቀመጥ በምን እንደሆነ ከስሙ ጎን ይፃፍ። ከዛ መዝገቡን ክፍት አድርጉት። እኔ ሱቄ ሆኜ በስልኬ የአንድን ሰው ስም ፅፌ አለ ወይ የለም ማለት እንድችል። የውሀ ቢል በስልክ በምንከፍልበት ዘመን ይሄ ከባድ አይመስለኝም። ፈቃዱ ደሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ ቁጥሩ በትልቁ፣ ከሌሎቹ ሰርተፍኬቶች በላይ።

እስከዛው እኔ የማደርገውን አደረግኩ። አንድ ወረቀት ፅፌ ሱቄ በር ላይ ለጥፌያለሁ፣ "ለአእምሮ ህመም ወደ ማንም ከመሄዳችሁ በፊት የሙያ ፈቃድ ጠይቁ፣ የንግድ ፈቃድ የሙያ ፈቃድ አይደለም፣ ሐኪም የሰጣችሁን መድሀኒት ያዘዘው ሐኪም ሳያውቅ አታቁሙ" ይላል። ከለጠፍኩት 3 ሳምንት ሆነው። ኮፒ የሚፈልግ በነፃ ይወስዳል፣ እስካሁን 60 ገደማ ሄዷል፣ አንዷ እናት ወረቀቱን ከወሰደች በኋላ በር ላይ ቆማ ቆማ ተመልሳ ገባችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ልጇ ነገረችኝ፣ ሲስተሯ ያለችበትን ክፍል ነገርኳት፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ካርድ የሚወጣው ስንት ሰአት ላይ እንደሆነ።

ሐሙስ ቀጠሮ አለን፣ ሲስተሯ እናቱንም ይዛችሁ ኑ ብላለች። ወንድሜ ክኒኑን ማታ ማታ ራሱ ነው የሚወስደው፣ ድምፁ ጨርሶ አልጠፋም ግን ራቅ ብሏል ይላል። ትላንት ማታ እማዬ የሰራችውን ሽሮ ከኛ ጋር ከአንድ ትሪ በላ።

አክባሪያችሁ
የፅህፈት ቤቷ ባለቤት፣ ሀዋሳ